መቅደስ ሲሉኝ አቤት አልኩ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ነሐሴ 13 ቀን 2017

ለእህቴ ለመቅዲ፣

መቅዲዬ ደህና ነሽልኝ? የአክስታችን ወገብስ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ስልሽ ደሞ የምሬን ነው፣ እየበላሁ ነው የምጽፍልሽ። አዎ ደርሶኛል። ጌታነህ ሹፌሩ ራሱ ከመኪናው ወርዶ በእጄ ሰጠኝ፣ ፌስታሉን ደራርበሽ ስላሰርሽው ዝናቡ አንድም ወረቀት አልነካም፣ ዲግሪሽም ፎቶሽም እንደላክሽው ነው። ጌታነህ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ ይሄን ሁሉ ከካምባ ተሸክሜ ስመጣ ከዲግሪው ለኔም ግማሹ ይገባኛል አለኝ።

ለምን ደውለሽ አትነግሪኝም ላልሽው አክስታችን ስልኩን ስፒከር ላይ ታደርገዋላ። ያንቺ ስልክ ከተበላሸ ወዲህ እኔ ለአንቺ የማወራውን ጨው ሊገዛ ሱቋ የገባ ሁሉ ይሰማና ወሬው አባዬ ጋ ኦቾሎ ይወጣል፣ ባለፈው ትንሽ ብስል አባዬ ማታውኑ ደውሎ ሳምባሽን አመመሽ አሉ አለኝ። በወረቀት ይሻለናል። በእጅ ጽሑፌ እንዳትስቂብኝ ብቻ፣ ከአምስተኛ ክፍል የወጣ ሰው እጅ ነው።

ሎጁን ታውቂዋለሽ ወይ ብለሻል፣ እንዴት አላውቀው፣ ሴቻ አፋፉ ላይ ያለው አዲሱ ነው፣ ግንበኞቹ ያንጠባጠቡትን ሲሚንቶ ከወለሉ ላይ የምፍቀው እኔ አይደለሁ? ማስታወቂያውን በሩ ላይ ሲለጥፉት መፋቂያዬን ይዤ ቆሜ ነው ያነበብኩት። እንግዳ ተቀባይ፣ ዲግሪ ያላት፣ ልምድ ዜሮ ዓመት፣ ብዛት አንድ። ዜሮ ዓመት ይላል ስልሽ ስልኩ ላይ ስትጮኺ ሱቁ በሙሉ አብሮሽ ጮኸ እኮ። እኔማ ዜሮ ሰውን እንዲህ ደስ እንደሚያሰኝ አላውቅም ነበር። አንቺ ከተመረቅሽ ወዲህ የሚለጠፈው ሁሉ የሥራ ልምድ አምጪ ነው፣ ሥራውን ሳይሰጡ ልምዱ ከየት ይመጣል።

ነገ አስገባልሻለሁ። ቢሮ መግባት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፣ ግን ሰጥቶ መውጣት ብቻ ነው፣ ሰጥቼ እሮጣለሁ። ይሄም ካልሆነ ዲግሪዬን ለአክስቴ የስኳር መጠቅለያ አደርገውና እዚሁ ሱቅ ውስጥ አረጃለሁ ያልሽውን ግን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ፣ ሆዴን አባባሽው። ይሆናል። መስቀል ሳይገባ ሥራ ትገቢያለሽ።

እህትሽ ሻሺቱ


አርባ ምንጭ
ነሐሴ 24 ቀን 2017

መቅዲዬ፣

ናዳው ተነሳ ወይ? ጌታነህ በእግር ተሻግሮ ነው ወረቀትሽን ያመጣልኝ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

አዎ ሄጄ ነበር። ለቃለ መጠይቅ ስምሽ በር ላይ የተለጠፈ ቀን መንገዱ መዘጋቱ አይገርምሽም? ሄደሽ ቀን እንዲያዞሩልኝ ንገሪያቸው ብለሽ በደወልሽልኝ መሠረት በጠዋት ሄድኩ። ነገርሻቸው ወይ ላልሽው፣ ሄጃለሁ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ወይዘሮ ማዕዶት የሚባሉ አሉ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አመጡልኝ። ከሰገነቱ ላይ ሁለቱም ሐይቅ ይታያል፣ አባያም ጫሞም።

ቀኑን አዞሩት ወይ ላልሽው እሱ ረጅም ነው፣ ጌታነህ ደሞ ክላክሱን ይዞታል።

ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሼው ነበር፣ ምንም አልሆነም፣ አጥቤዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ በአክስታችን ስልክ የማታውቂው ሰው ቢደውል አታንሺ። ወይም አንሺና ዝም በይ። ዝም ማለት ይሻላል።

ሻሺቱ


ካምባ
ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሻሺቱ፣

ናፍቆቴን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ፤ ዛሬ ሰላምታ አላበዛልሽም። ቀሚሱ ያንቺ ይሁን።

ትናንት ተደወለ። እኔ ደጅ ገብስ እያሰጣሁ ነበር፤ አክስቴ ጠራችኝና እንደ ልማዷ ድምፁን ለቀቀችው። የገበያ ቀን ስለነበር ሱቁ ሙሉ ነው። አንድ ሰውዬ በጨዋ አማርኛ «ወይዘሪት መቅደስ ካሱ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሥራውን አግኝተሻል» አለ። ሱቁ በእልልታ ተናወጠ። አንዲት ቅቤ ሻጭ አቅፋኝ ግንባሬን በቅቤ ቀባችኝ። እኔም አለቀስኩ። ሰውዬው ግን አልዘጋም፤ «ለመክፈቻው ቀን ያንን ምርቃትሽን ትደግሚልናለሽ፤ ኃይለመስቀል እስካሁን ስለሱ ነው የሚያወራው» አለኝ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቅቤ ሻጯም አየችኝ። ሌላ ነገር ስላልመጣልኝ «ኔትወርክ የለም» ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደግሞ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም።

ሻሺ፣ እኔ ማንንም አልመረቅኩም። ዲግሪዬን ይዤ ስንቱ በር ላይ ቆሜ አንድም ሰው ደውሎልኝ አያውቅም፤ አሁን ያልሄድኩበትን ፈተና አለፍኩ። ያደረግሽውን ከመጀመሪያው ጻፊልኝ። ጌታነህ ክላክስ ቢያደርግም ይጠብቅ።

መቅደስ


አርባ ምንጭ
ጳጉሜ 4 ቀን 2017

መቅዲዬ፣ ወይኔ መቅዲዬ፣

እሺ እነግርሻለሁ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ፣ ብቻ ይሄን ስታነቢ አክስታችን አጠገብሽ እንዳትኖር።

እህቴ መንገድ ተዘግቶባታል፣ ቀኑን አዙሩላት። ይቺን ነበር የማወራው፣ ከሲቀላ እስከ ሴቻ ሚኒባስ ውስጥ ስደጋግማት አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ልጄ ምን ጨንቆሽ ነው የምትጸልይው አሉኝ። ቀሚስሽን የለበስኩት የኔ ሁሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በሩ ጋ ስደርስ የተቀመጡት ሁሉ ፋይላቸውን ታቅፈው፣ ከንፈር የተቀባች፣ ክራቫት ያሰረ፣ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አንድ ሰው ብቅ ብሎ መቅደስ ካሱ ብሎ ተጣራ። ዝም። እንደገና መቅደስ ካሱ፣ ዝም፣ እስክሪብቶውን አወጣና ሊሰርዝሽ ሆነ። መቅዲ ስምሽ ሲሰረዝ ቆሜ ልይ? አቤት አልኩ። ቀበሌ ስንዴ ሲታደል አንቺ ከሌለሽ አቤት እልልሽ የለ፣ እንደዚያ ነው፣ አለች ለማለት። ሰውዬው ክንዴን ይዞ አስገባኝና በሩን ከኋላዬ ዘጋው።

ሦስት ናቸው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ፈቃደ መሃል ላይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ከጎንደር የመጡ ናቸው አሉ፣ ወይዘሮ ማዕዶት በአንድ በኩል፣ ሂሳብ ያዡ ኃይለመስቀል በሌላው፣ እሱ የኛው አገር ሰው ነው። ወለል ስፍቅ ፊቴ በሻሽ ስለሚጠቀለል አንዳቸውም አላወቁኝም። እንዲያውም ፎቶሽን አይተው ፀጉርሽን ለወጥሽው አሉኝ። እህቴ ልል አፌን ስከፍት አቶ ፈቃደ ራስሽን አስተዋውቂ አሉ።

ጠፋኝ። ያቺ ስደጋግማት የመጣሁት ሚኒባሱ ውስጥ ቀርታለች። ሦስቱም ዝም ብለው ያዩኛል፣ እኔ ደሞ ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ሲያይ የማውቀው ዱቡሻ ላይ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ነገር ሊጀምሩ አባዬ ሲነሳ። አባዬ ሳይመርቅ ነገር ጀምሮ ያውቃል? እጄ በራሱ ተነሳ። በጋሞኛ ወጣልኝ፣ ደሞ በአባዬ ድምፅ፣ ወፍራም አድርጌ። ይሄ ቤት ደጁ አይዘጋ አልኩ። የመጣ ጠግቦ ይደር፣ የሄደ እግሩን እንቅፋት አይንካው። ደጋው ገብስ ያብቅል፣ ቆላው ሙዝ ያንዠርግግ፣ ሐይቁ ዓሣውን አይንፈግ፣ እናንተ የተቀመጣችሁ ነገራችሁ አንድ ይሁን። ኃይለመስቀል ከወንበሩ ተነስቶ መዳፉን ዘርግቶ አሜን ይላል። ወይዘሮ ማዕዶት ሳይገባቸው አሜን ይላሉ። አቶ ፈቃደ ምን እያለች ነው ሲሉ ኃይለመስቀል «ቆይ ጋሼ፣ ምርቃት አይቋረጥም» አላቸው፣ አለቃውን እኮ ነው።

ስጨርስ ተረጎመላቸው። አቶ ፈቃደ መነጽራቸውን አወረዱና ስንት ሆቴል ሠርቼ እንግዳ እንዲህ የሚቀበል ሰው አላጋጠመኝም አሉ። ያኔ ነው ሻዩ የመጣው። እህቴ ልላቸው ነበር፣ በእግዜር ልላቸው ነበር፣ ግን ሻዩ ይዞኝ፣ ከዚያ ደሞ እንደውላለን ሂጂ ተባልኩ።

በሰው ዲግሪ መግባት ያሳስራል አይደል? ንገሪኝ፣ አንቺ ተምረሻል። አባዬስ ቢሰማ? በኛ አገር የትኛዋ ሴት ልጅ ናት ዱቡሻ ላይ ቆማ የመረቀችው? ሴቻ ዱቡሻ አይደለም እንዳትዪኝ፣ ቃሉ የዱቡሻ ነው፣ የአባዬ ነው፣ ሰርቄዋለሁ። ሻሸመኔ ልጥፋ ወይስ ምን ይሻላል። ቶሎ መልሽልኝ።

ሻሺቱ


አርባ ምንጭ
መስከረም 4 ቀን 2018

መቅዲዬ እንኳን አደረሰሽ፣

አይሆንም። የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት፣ አይሆንም። ስሙንም ዲግሪውንም ያዢው እኔ ምን ሠራሁበት ትያለሽ እንዴ? ተናደሽ ነው የጻፍሽው፣ ፊደሉ ራሱ ተናዷል።

ሥልጠናውን ጀመርሽ ወይ ላልሽኝ፣ ጀመርኩ፣ ሳልሄድ ብቀር ሥራው ለሌላ ሰው እንዳይሄድብሽ ብዬ ወንበርሽን ልጠብቅልሽ ነው የገባሁት። ግን ልሞት ነው። መቅደስ ብለው ሲጠሩኝ ዞር ብዬ አንቺን እፈልጋለሁ። ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ፣ የጠረጴዛውን አቧራ ሙልጭ አድርጌ ወለወልኩና ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ትናንት ደሞ መክፈቻው ሳይደርስ ፈረንጆች ባልና ሚስት መጡ። ሴትየዋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ ረጅም ነገር፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚል። እኔ ሳቅ አልኩና ሙዝ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ፣ ግን የጠየቀችው ሙዝ አይመስለኝም። ወይዘሮ ማዕዶት ዓይን አፋር ናት ብለው ሸፈኑልኝ።

ዲግሪ ሥራ ለማግኘት ይጠቅማል ብለሽ ታስቢያለሽ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ምን አውቄ። ግን ያቺ ሴትዮ ስታየኝ አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ምን እንደምትመልሽላት አሰብኩ። አንቺ መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ታነቢው የነበረው ለካ እዚህ ቦታ ነው የሚፈለገው፣ በዚያ ሰዓት ማንም ላንቺ አቤት ሊልልሽ አይችልም። ስለዚህ ያንቺ ላንቺ ነው። ለኔ የሚሆን ነገር ካለ በስሜ ይፈልገኝ።

መስቀል እየደረሰ ነው። ቂምና በደል ተይዞ መስቀል እንደማይገባ ታውቂያለሽ፣ ሰው ሁሉ ታርቆ ነው። ነገ እርጥብ ሣር ይዤ አቶ ፈቃደ ፊት እንበረከካለሁ። ፈርቻለሁ። ከታሰርኩ ቀሚስሽ ወንበሩ ላይ ነው ያለው።

ሻሺቱ


አርባ ምንጭ
መስከረም 6 ቀን 2018

መቅዲ ነይ። ይሄ ወረቀት በደረሰሽ ሰዓት ተነሺ፣ ጌታነህ ከፊት ወንበር ይዞልሻል።

አልታሰርኩም። ሣሩን ከግቢው አጨድኩና ገብቼ ተንበረከኩ። አቶ ፈቃደ ቀና ብለው አይተው እሱን ቆሻሻ በጓሮ በር አውጪው አሉኝ፣ አትክልት ያጨድኩ መስሏቸው። ኃይለመስቀል ግን ሣሩን ሲያይ ሂሳቡን ትቶ ዘሎ ተነሳ። ጋሼ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በኛ አገር ሣር የያዘ ሰው ሳይሰማ አይመለስም፣ ይነሱ አላቸው። ተነሱ፣ ምስኪን፣ ለምን እንደተነሱም አላወቁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ናዳውንም ስንዴውንም ሙዙንም። ወለላቸውን የምፍቀው እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው፣ ወይዘሮ ማዕዶት አፋቸውን ያዙ።

አቶ ፈቃደ መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ። ይሄ ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ ወይ አሉ። አውቃለሁ አልኩ። ከዚያ

«ዲግሪው የማን ነው?» አሉኝ።

«የእህቴ።»

«ምርቃቱስ?»

«የአባቴ።»

«ታዲያ አንቺ ምንድነሽ?» አሉ፣ መቅዲ ተቆጥተው መስሎኝ ቀና ስል ከንፈራቸው እየሳቀ ነው። እኔማ ሻሺቱ ነኝ አልኳቸው።

ሣሩን ተቀበሉኝ። ባለ ዲግሪዋ ትምጣና እንደ ማንም ትፈተን፣ ከቻለች ወንበሩ የሷ ነው፣ ካልቻለች ምርቃት አያድናትም አሉ። ስለኔ ምንም አላሉም። መፋቂያዬን ይዤ ወደ ወለሌ ተመለስኩ፣ እንዴት ቀለል እንዳለኝ።

ነይ፣ ነይ፣ ነይ።


አርባ ምንጭ
መስከረም 19 ቀን 2018

ለመቅደስ ካሱ፣ ሐዋሳ፣

መቅዲዬ ሐዋሳ ተስማማሽ? ፈተናውን አልፈሽ ለሥልጠና ሲልኩሽ ያለ መስቀል ትቀሪያለሽ ብዬ አዝኜልሽ ነበር፣ ለካ እዚያም ቁርጥ አለ። ዳጣውን በጌታነህ ጓደኛ ልኬልሻለሁ፣ አባዬ ራሱ ነው ያስፈጨው፣ በጥንቃቄ ክፈቺው፣ ያቃጥላል። አሁንማ ስልክሽ ተሠርቶ ለምን ትጽፊያለሽ ላልሽኝ፣ ስልክ ላይ ያልቅብኛል፣ ወረቀት ላይ ደስታው ይቆያል።

ያን ቀን ስትፈተኚ የት ጠፋሽ ብለሻል። መስኮቱን የምወለውለው ማን መሰለሽ? አንቺ አላየሽኝም፣ አቶ ፈቃደ በእንግሊዝኛ ሲያጣድፉሽ አንቺ ቁጭ ብለሽ ስትመልሺ፣ ኮምፒውተሩን ስትነካኪው፣ አንድም ቃል ሳይገባኝ መስታወቱን እስኪሰበር ወለወልኩት። ኃይለመስቀል ወጥቶ ልጅት ይሄ መስኮት ከዚህ በላይ አይጠራም አለኝ።

አሁን የኔን። የሚጣፍጠውን ለመጨረሻ ላቆየውና መጀመሪያ ሌላውን ልንገርሽ። የማታ ትምህርት ተመዝግቤያለሁ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ አጠገቤ የሚቀመጡት የልጅ ልጅ ያላቸው እናት ናቸው፣ እርሳስ ይዋሱኛል። ሥራም አገኘሁ። በሩ ላይ ነኝ፣ እንግዳ ሲመጣ ቀድሜ የምቀበል፣ ደረቴ ላይ ሻሺቱ የሚል ተለጥፏል። ዲግሪ አልጠየቁኝም፣ ትምህርትሽን ግን እንዳታቋርጪ ብለውኛል አቶ ፈቃደ። አንቺ ስትመጪ እኔ በሩ ላይ መርቄ አስገባልሻለሁ፣ አንቺ ጠረጴዛው ላይ ታስተናግጃለሽ፣ ሙዝ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እንዴት ሆነ ላልሽው ይሄው።

ሎጁ የደመራ ለት ጠዋት ነው የተከፈተው። አቶ ፈቃደ የኦቾሎን ሽማግሌዎች እንዲመርቁላቸው ጠርተው ነበር። አባዬ ዱንጉዛውን ለብሶ በትሩን ይዞ ከፊት መጣ። እኔ ሳየው ባልዲዬን ይዤ ከዓምዱ ኋላ ገባሁ፣ አልሰማም እንዳልል ሞኝ አይደለሁም፣ አክስታችን ስፒከር ላይ ከሰማች ኦቾሎ ሳይሰማ ያድራል? አባዬ ሁሉንም ሰምቶ ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል ሳይተነፍስልኝ ከርሟል። ዝም ማለቱ ነበር የሚያስፈራኝ።

ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ የሐይቁ ነፋስ ነጠላውን እያነሳ፣ አቶ ፈቃደ አባታችን ይመርቁልን አሉ። አባዬ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ መጀመር ሲገባው ዞር ዞር ብሎ ሰው ይፈልጋል።

«ይሄ ቤት አንዴ ተመርቋል» አለ። «የመረቀው ሰው እያለ እኔ ብነሳ ነውር ነው። እሷ ትጀምር፣ እኛ እንከተላለን።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ምን ሊል ነበር፣ አባዬ በትሩን ወለሉ ላይ አንዴ መታ፣ እኔ በፋቅሁት ወለል ላይ፣ ሰውዬው ተወው።

«ሻሺቱ ካሱ» ብሎ ተጣራ።

በሙሉ ስሜ መቅዲ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ባንቺ ስም አቤት ስል ከርሜ በራሴ ሲጠሩኝ እኔ መሆኔ አልገባኝም፣ ቆሜ ቀረሁ፣ ኃይለመስቀል ባልዲውን ከእጄ ወስዶ በክርኑ ገፋ አደረገኝ።

አቤት አልኩ።

ወጥቼ ቆምኩ፣ እጄን አነሳሁ፣ በዚህ ጊዜ በአባዬ ድምፅ አይደለም፣ በራሴ በቀጭኑ ነው የወጣው። ደጁ አይዘጋ ስል ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፣ አባዬ ከሁሉም ጮክ ብሎ። ደሞ ከሰው መሃል ሌላ አሜን ይመጣል፣ ብዙ ሰው፣ የሚንሿሿ። ዞር ስል ጌታነህ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞታል። አክስታችን ናት፣ ካምባ ሱቋ ውስጥ ስፒከር ላይ አድርጋው፣ ጨው ሊገዛ የገባው ሁሉ አሜን ይለኛል።

ሻሺቱ